የዱር ወፍ የሌለባቸው ባርኔጣዎች

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ናቸው። እኔ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ በማስተምርበት ትምህርት ቤትም ከመምህራኑ ሁሉ ታናሿ ነኝ። ይሁን እንጂ አንድ ሙያ ተምሬ፣ ሠርቼበት፣ ትቼው ወጥቻለሁ። ያንን ሙያ ኦስሎ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች በሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ምሳ ሊበሉ ይችላሉ። በአማርኛ የጻፈበት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ጡረታዬን ሳልጠብቅ ልጽፍ ወሰንኩ። ሙያው የላባ ሥራ ነው፤ በትክክል ለመናገር የባርኔጣ ላባ።

ያደግኩት ቬስትሊ ነው፤ ቲባነው፣ የኦስሎ የከተማ ባቡር፣ መጨረሻው ላይ ደርሶ በሚመለስበት ሰፈር። እናቴ ሄልስፊር ካሉት የቢሮ ሕንፃዎች በአንዱ ጽዳት ትሠራለች። አማርኛ ማንበብና መጻፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ጠዋት ቢሮዎቹን አጽድታ ትመለስና ከሰዓት በኋላ ፊደል ታስቆጥረኝ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ ጫማ መሸጥ ነበር። አለቃዬ ደንበኛ በሌለበትም ፈገግ እንድንል የሚፈልግ ሰው ስለነበር፣ ከዚያ ቤት የተማርኩት ጉንጭ እንደሚደክም ነው። ሁለተኛው ልብስ ማስተካከያ ቤት ነበር፤ ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር። እዚያ እጄ ተፈታ። አለቃዬ ጥሩ ሰፊ ነበር፤ ግን ሥራ ላይ አያወራም፣ እንዲወራለትም አይፈልግም። እኔ ደግሞ የምሠራውን ለሰው ካላስረዳሁ የሠራሁ አይመስለኝም። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ላባው የተሰበረ ባርኔጣ ይዛ መጣች። አለቃዬ ባርኔጣውን አየና ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም። ኦከርን ወዳለችው ሴትዮ ውሰጂው» አለኝ። ከዚያ ጨመረበት። «እሷ ጋ እንደ ልብሽ ታወሪያለሽ።»

በዚህ ብቻ ተሳስቷል። ጉድሩንም ብዙ አትናገርም ነበር።

ጉድሩን የባርኔጣ ሰፊ ናት። በዚያን ጊዜ ለጡረታ የተቃረበች፣ ግራጫ ሹራብና ግራጫ ቀሚስ የማይለያት ሴት ነበረች። በኖርዌይኛ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ስለሚባባል እኔም ስሟን እየጠራሁ አንቺ ነበር የምላት፤ እዚህም እሷ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አንቱ ብላት ሌላ ሰው ትሆንብኛለች። የሥራ ክፍሏ ኦከርን ውስጥ፣ ግራና ቀኙ እየፈረሰ አዲስ ሕንፃ በሚሠራበት አካባቢ፣ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። በመስኮቱ ክሬን ይታያል። ውስጡ ግን ጸጥታ ነው፤ የሚሰማው የማንቆርቆሪያው መፍላት ብቻ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መሳቢያ ነው። የተሰበረውን ላባ በእንፋሎት ላይ ይዛ፣ በጣቷ እያሻሸች፣ ዓይኔ እያየ ስታቃናው ቆሜ ቀረሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌርሊንጓ ሆንኩ፤ ሌርሊንግ ማለት እየሠራ የሚማር ተቀጣሪ ነው። ደመወዙ ከጫማ ቤቱ ያነሰ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

እዚህ ላይ ትምህርት የሚመስል ነገር እንድጽፍ ይፈቀድልኝ፤ ያለሱ የቀረው አይገባም።

ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የአውሮፓና የአሜሪካ ወይዛዝርት ባርኔጣ በላባ የተሸፈነ ነበር። ላባ ብቻ አይደለም፤ ክንፍ፣ ጭንቅላት፣ አንዳንዴም ሙሉ ወፍ ከነምንቃሯ ባርኔጣ ላይ ትሰፋ ነበር። ከሁሉ የተወደደው የሄግረ ላባ ነው። ሄግረ ኖርዌጂያኖች እግሯና አንገቷ ረዥም የሆነ፣ ውሃ ዳር ሳትነቃነቅ ቆማ ዓሣ የምትጠብቅ ወፍ የሚጠሩበት ስም ነው። ነጯን በአገራችን ሐይቆች ዳር ያየ ሰው ያውቃታል። ይህች ነጭ ወፍ በመራቢያዋ ወራት ብቻ ከጀርባዋ ላይ ረዣዥምና እንደ ጸጉር የሳሱ ላባዎች ታበቅላለች። አዳኞች የሚፈልጉት እነዚያን ነበር፤ የሚያገኟትም ጎጆዋ ላይ ነው። ወላጆቹ ሲገደሉ ጫጩቶቹ በረሃብ ያልቃሉ። ስለዚህ ባርኔጣ ላይ የምትታየው አንዲት ወፍ ብትሆንም ከኋላዋ አንድ ጎጆ ሙሉ አለ።

ይህን ያስቆሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ባርኔጣውን ያደርጉ የነበሩት ሴቶች፣ ሻይ ግብዣ ላይ እርስ በርስ እየተነጋገሩ፣ ላባ አናደርግም ብለው ማኅበር መሠረቱ። ከማኅበሩ ሕግ መጣ፤ ከሕጉም ዛሬ ወፎችን የሚጠብቀው ሥራ አደገ። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ደስ ይለኛል፤ ጥፋቱንም ማስተካከያውንም በአንድ ዓይነት ሰዎች እጅ ማየት ለልጆች ጥሩ ነው።

ጉድሩን ግን ወፍ መጠበቅን የተማረችው ከማኅበር አይደለም። የተወለደችው በሰሜኑ ባሕር ዳርቻ በምትገኝ ትንሽ ደሴት ላይ ነው። እዚያ ኤርፉግል የምትባል የባሕር ዳክዬ አለች። ደሴተኞቹ በጸደይ ለዳክዬዋ ከድንጋይና ከሣር ትንንሽ ቤት ይሠሩላታል፤ እሷም ገብታ ከደረቷ ለስላሳ ላባ ነቅላ ጎጆዋን ታለብሳለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ወደ ባሕር ሲወርዱ ሰዎቹ የቀረውን ላባ ሰብስበው ብርድ ልብስ ይሠሩበታል። ዳክዬዋ ተቀምጣ እስክትነሣ ድረስ ደሴቱ ላይ ውሻ አይለቀቅም፣ ልጅ አይጮህም፣ ደማቅ ቀለም አይለበስም። የጉድሩን ግራጫ ልብስ የመጣው ከዚያ ነው። በጸደይ ወራት፣ ዳክዬ በሌለበት በኦከርን ፎቅ ላይ ሳይቀር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው። ስትስማማ ደግሞ እንደ ሰሜን ሰዎች ትንፋሽዋን ወደ ውስጥ እየሳበች «ያ» ትላለች። የመጀመሪያው ሰሞን ደንግጣ ይመስለኝ ነበር።

ከእሷ የተማርኩትን ሁሉ መጻፍ አልችልም፤ የተወሰነውን ልጻፍ። የግራ ክንፍ ላባ ወደ አንድ ወገን፣ የቀኝ ክንፍ ላባ ወደ ሌላው ይጎብጣል፤ ሁለቱን አደባልቆ የሰፋ ሰው ባርኔጣው ለምን ጠማማ እንደሆነ ሳይገባው ይኖራል። ላባ ወደ ሥራ ክፍል ከመግባቱ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል፤ ብል የሚሞተው በዚያ ነው። ላባ ለመጠቅለል የሚያስፈልገው ስለታም ቢላዋ ሳይሆን የደነዘዘ ነው፤ ከዘንጉ ግራና ቀኝ የወጡትን የላባውን ክሮች በጀርባው እየሳቡ ነው። ጉድሩን ለዚህ የምትጠቀምበት የቅቤ ቢላዋ ነበራት፤ እኔ አንድ ቀን ዳቦዬን ቀብቼበት ሁለት ቀን ሙሉ ስታጥበው ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። አዲስ ላባ ሲመጣ ከማየቷም ከመንካቷም በፊት፣ «ወፏ እንዴት ሆነች?» ትላለች። መልስ ከሌለ ላባው መሳቢያ አይገባም። ከሩቅ አገር በጅምላ የሚመጣ፣ ቀለም የተነከረ ላባ በኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛል፤ እሷ ግን ወፉ እንዴት እንደኖረና ላባው እንዴት እንደተነቀለ የሚነግራት ሰው ስለሌለ አትገዛም። በዚህ ምክንያት መሳቢያዎቻችን ብዙ ጊዜ ባዶ ነበሩ፤ ደንበኞቻችንም ጥቂት።

ሦስተኛው ዓመቴ ላይ ትልቁ ትዕዛዝ መጣ። አንድ ቴአትር ቤት ስለዚያ ስለ ላባ ዘመን አዲስ ድራማ ሊያሳይ አስቦ፣ ለወይዛዝርቱ ባርኔጣዎች የሚሠራለት ፈለገ። የአልባሳት ኃላፊው ሃልቫር ይባላል፤ ረዥም፣ ፈጣን፣ ሲናገር እጁ የሚቀድመው ሰው። መሳቢያዎቹን እየከፈተና እየዘጋ ዞረ።

«የሄግረ ላባ የታለ?» አለ።

«እዚህ ቤት የለም» አለች ጉድሩን።

«አሮጌ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ወረቀትም አለው። ወፏ ከሞተች መቶ ዓመት ሆኗታል ጉድሩን፤ አሁን ማንን ለማዳን ነው?»

«ካመጣኸው የሚሰፋልህ ሰው ፈልግ።»

እኔ መሐል ገባሁ። ማስረዳት ስጀምር እንደማላቆም አንባቢ እስካሁን ሳይገባው አይቀርም። ነጭ የአውራ ዶሮ ላባ በውሃ በቀጠነ በረኪና ቢነከር፣ ጥቃቅኖቹ ክሮች ተበልተው ዋናዎቹ ሳስተው እንደሚቀሩና ከመድረክ ላይ ከሄግረ እንደማይለይ ነገርኩት። ጉድሩን ይህን በናሙና አሳይታኝ ነበር። ረዥም፣ ጥሩ ነጭ ላባ ብቻ ነው የሚያስፈልገን።

«ከየት?» አለ ሃልቫር።

«አገኛለሁ» አልኩ።

ጉድሩን አየችኝ። ሃልቫር አንድ ናሙና ባርኔጣ እንድናሳየው፣ ከወደደው ትዕዛዙን እንደሚሰጠን ተናግሮ ሄደ። ከሄደ በኋላ ጉድሩን ነገሩን ግልጽ አደረገችልኝ። ሕንፃው እየታደሰ ነው፣ ኪራዩም ይጨምራል። ይህን ሥራ ካገኘን ክፍሉ ይቀጥላል፤ እኔም ፋስት፣ ማለትም ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ካጣነው ትዘጋለች።

ላባውን ከየት እንደማገኝ አውቅ ነበር፤ ፋሲካ ደርሶ ነበርና። ለፋሲካ ከቬስትሊና ከአካባቢው ያሉ የእኛ ሰዎች ከከተማ ወጣ ብሎ ከሚገኝ አንድ ገበሬ ዘንድ ዶሮ ይገዛሉ። በኖርዌይ ሕግ ዶሮው ከመታረዱ በፊት ራሱን መሳት አለበት፤ ያንን ገበሬው ያደርጋል፤ በስመ አብ ብሎ የሚባርከው ከእኛ ጋር የሚሄድ አባት ነው። የቀረው የሴቶቹ ሥራ ነው። ዶሮዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ ሄጄ አይቻለሁ፤ ግቢው ውስጥ ሲጭሩ ይውላሉ። የጉድሩን ጥያቄ መልስ አለው።

እናቴን ለመንኳት።

«እማ፣ ነጭ አውራ ዶሮ ግዙ በያቸው። ላባውን እንዳይጥሉት።»

«ለፋሲካ ነጭ? ቀይ እያለ?»

«ወጡ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ቀይ ነው።»

«እትዬ ብርቄን ማን ያሳምናታል?»

እትዬ ብርቄ የእናቴ ጓደኛ ናቸው። ቬስትሊ ውስጥ ዶሮ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው እሳቸውን ነው። አሳመነቻቸው፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኔ በዚያ ሰሞን ሥራ ስለነበረኝ አብሬ አልሄድኩም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ቤታችን በረንዳ ላይ ጥብቅ ተደርገው የታሰሩ ጆንያዎች ጠበቁኝ። ሳነሣቸው ከበዱኝ። ላባ ለምን ይከብዳል ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።

በቲባነው ይዣቸው ስሄድ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ስቶቭነር ጣቢያ ላይ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ፈለገ። ጉድሩን የመጀመሪያውን ጆንያ ስትፈታ ክፍሉ በመጥፎ ሽታ ተሞላ። ሴቶቹ ዶሮውን እንደ ወትሯቸው በፈላ ውሃ ነክረው ነበር የነጩት። በእኛ ዘንድ ሌላ መንገድ የለም፤ ዶሮ ማለት ትልቅ ድስት ውሃ ተጥዶ፣ ተነክሮ፣ በሙቁ ተነጭቶ ነው። በላባ ሙያ ግን ላባ የሚነጨው ደረቁን ነው። የፈላ ውሃ ዘንጉን ያለሰልሰዋል፣ ስቡን አቅልጦ ክሮቹን ያጣብቃል፤ ከዚያም በታሰረ ጆንያ ውስጥ ይበሰብሳል። እኔ ይህን አውቅ ነበር። እናቴም ሥራዋን ታውቅ ነበር። ለሁለታችንም ነገሩ የሚነገር ሆኖ ስላልታየን ማንም አልተናገረውም።

ጉድሩን አንድ ላባ አውጥታ ጎንበስ አደረገችው። አልተመለሰም። በትሪ ላይ አስቀመጠችውና «እንሞክር» አለች።

ሞከርን። በሳሙና አጠብን፣ በፀጉር ማድረቂያ አደረቅን፣ በፖተትሜል ውስጥ ናጥነው፤ ፖተትሜል ወጥ ለማወፈር የሚጠቀሙበት የድንች ዱቄት ነው፣ እርጥበት መጦ ላባ ያነሣል። የተሻሉትን መርጠን በበረኪና አሳሳናቸው፣ ናሙናውን ሰፋን። ጠረጴዛው ላይ ቆንጆ ነበር። ቴአትር ቤት ወስደን ሃልቫር የመድረኩን መብራት ሲያበራበት ግን፣ ከሙቀቱ የተነሣ ላባዎቹ አንድ በአንድ መውደቅ ጀመሩ። አልተነቀሉም፤ ዘንጋቸው እየታጠፈ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። ባርኔጣውን ያደረገችው ተዋናይ መስታወት ውስጥ አየችና፣ «ዝናብ የመታኝ ነው የሚመስለው» አለች። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረዳቱን ትቼ ባርኔጣውን ከራሷ ላይ አነሣሁ።

ሃልቫር አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የባንዲራው በዓል እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ከዚያ አሮጌውን የሄግረ ላባ እገዛለሁ፣ ሌላ ሰፊም አገኛለሁ» አለን። የባንዲራው በዓል ሜይ አሥራ ሰባት ነው፤ ቅርብ ነበር።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አልነገርኩሽም እማ።»

«ብትነግሪኝስ? ዶሮ በደረቁ የሚነጭ ሰው አይቼ አላውቅም።» ስልኳን አነሣች። «ብርቄ፣ ሃምሳው ገና ነው አይደል? ቅዳሜ ዶሮ እንግዛ።»

በዓለ ሃምሳ ከፋሲካ በኋላ ጾም የሌለበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሥጋ ለመግዛት ሰበብ መፈለግ አያስፈልግም። የእትዬ ብርቄ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ለእኔ ተሰማኝ፤ «ኸረ ገና ዶሮው ከሆዴ አልወረደም። ለመሆኑ ለላባ ብለን ዶሮ ልናርድ ነው?» ሲሉ። ከዚያ መቼ እንደምንሄድ ጠየቁ።

ቅዳሜ ጉድሩንም አብራን ሄደች። ገበሬው ግቢ ውስጥ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠችና በደረቁ እንዴት እንደሚነጭ አሳየች፤ ጥቂት ጥቂት እየያዙ፣ ላባው ወደሚተኛበት አቅጣጫ። ሴቶቹ እያዩ ጀመሩ። ሥራው አይገፋም። ቆዳው ይቀደዳል፣ ላባው መሐሉ ላይ ይሰበራል፣ ነፋስ ይወስደዋል።

«ይቺ ሴትዮ ደህና ናት?» አሉ እትዬ ብርቄ። «የፈላ ውሃ እያለ።»

«ትሰማሻለች» አለች እናቴ።

«በአማርኛ ነው እኮ የማወራው።»

ከብዙ ትግል በኋላ እትዬ ብርቄ የመጀመሪያውን ዶሮ ጨረሱ። ወዲያው ለመበለት ቢላዋ አነሡ፤ ቆዳውን ከአንገቱ ጀምረው ገፈው ባልዲ ውስጥ ጣሉት። ለዶሮ ወጥ ቆዳ እንደሚገፈፍ ለእኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። ጉድሩን ግን እጇ ቆመ። ባልዲውን አየች፣ እትዬ ብርቄን አየች።

«ቆዳውን ምን ታደርጉታላችሁ ብለሽ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ጠየቅሁ።

«ይጣላላ» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ከሚጣል ቆዳ ላይ ለምን ትነጫላችሁ?»

ይህንንም ተረጎምኩ። እትዬ ብርቄ ቢላዋውን እንደያዙ አሰቡ።

«እንዴ፣ ዶሮማ ሳይነጭ አይገፈፍም።»

«ለምን?»

«ለምን ማለት ምን ማለት ነው? ዶሮ ነዋ።»

እናቴ መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ጉልበቷን ይዛ። «ብርቄ፣ በግ ስንገፍ መጀመሪያ ጸጉሩን እንላጨዋለን እንዴ?»

እትዬ ብርቄ እናቴን አዩ፣ ዶሮውን አዩ። «እናቴ ያሳየችኝ እንዲህ ነው» አሉ፤ ግን ሌላ ዶሮ ወስደው፣ ሳይነጩ፣ ሆዱ በኩል ቢላዋ አስገብተው እንደ በግ ገፈፉት። ቆዳው ከነላባው አንድ ላይ ወጣ። ከማጅራቱ ጀምሮ እስከ ወገቡ ያለው ነጭ ላባ በየመደዳው፣ የግራው በግራ፣ የቀኙ በቀኝ፣ አንድም ሳይሰበር። ጉድሩን በሁለት እጇ ተቀብላ በሣጥኑ ላይ ዘረጋችው። ጎንበስ ብላ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«በሙያው ከሁሉ የተሻለው ይሄ ነው አለች። ከነቆዳው።»

«እና እስካሁን ለምን አልነገረችንም?»

«በኖርዌይ ቆዳው ይበላል፤ አይገፈፍም።»

«ቆዳውን ይበሉታል?» አሉ እትዬ ብርቄ፤ ጉድሩንን በአዘኔታ ተመለከቷት።

የቀሩት ዶሮዎች ሳይነጩ ተገፈፉ፤ ሥራው ከወትሮው በጣም ባነሰ ጊዜ አለቀ። ቆዳዎቹን ጨው ነስንሰን፣ ሰሌዳ ላይ ወጥረን አደረቅናቸው፣ ፍሪዘር አስገባናቸው። ከዚያ የበረኪናው ሥራ መጣ። ይህን ሥራ በሰዓት መሥራት አይቻልም፤ በዓይን ነው። ከላባው ሥር ጥቂቱን በክር አጥብቀን እናስራለን፣ እንዳይነካ። ከክሩ በላይ ያለው ሲነከር መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ከዚያ ውሃው በጥቂቱ ይደፈርሳል፤ የላባው ክሮች እርስ በርስ መያያዝ ያቆማሉ። ያን ጊዜ በእንጨት መቆንጠጫ አውጥቶ ኮምጣጤ ያለበት ውሃ ውስጥ መጨመር ነው፤ የቆየ እንደሆነ ባዶ ዘንግ ብቻ ይቀራል። መስኮቱን ከፍተን ሠራን። ጉድሩን አጠገቤ ቆማ፣ እኔ «አውጪ» እስክትለኝ ስጠብቅ፣ እሷ ደግሞ እኔ እስካወጣ ትጠብቅ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ አልጠበቅኳትም።

አዲሱን ናሙና ሃልቫር መብራቱን አብርቶ ለረዥም ጊዜ አየው። ባርኔጣውን አዟዟረው፣ ነቀነቀው፣ እፍ አለበት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አሮጌውን ላባ ለሚሸጠው ሰው ደወለና አልፈልግም አለው። ውሉ በዚያው ሳምንት ተፈረመ። የእኔም ፋስት በዚያው ሳምንት።

ድራማው የተከፈተ ምሽት እናቴና እትዬ ብርቄ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ባርኔጣ እያመላከቱ፣ «ያ የእኔ ነው፣ ያኛው የአንቺ» ይባባሉ ነበር። በዕረፍቱ ሰዓት መተላለፊያው ላይ አንድ ሽማግሌ የቴአትር ቤቱን ሠራተኛ አቁሞ ሲናገር ሰማሁ። ኮቱ ላይ ትንሽ የወፍ ምልክት ሰክቷል።

«ዕድሜ ልኬን ወፍ ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝ። ሄግረን ከዶሮ ለይቼ አውቃለሁ። እነዚህን ወፎች በድጋሚ መድረክ ላይ ማውጣታችሁ አሳፋሪ ነው።»

ሃልቫር ተጠራ። ሃልቫር ጉድሩንን ጠራ። ጉድሩን እኔን ወደ ፊት ገፋ አደረገችኝ። «አንቺ አስረጂው» አለችኝ።

ባርኔጣ አምጥቼ ሰውዬውን ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። በክር ያሰርንበትን ቦታ ፈታሁለት፤ እዚያ በረኪናው ያልደረሰው፣ ያልሳሳው ትንሽ ላባ ነበር። ሰውዬው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ዓይኑን አስጠጋ።

«ዶሮ ነው» አለ።

«ዶሮ ነው» አልኩት።

«ዶሮውስ?»

«በላነው።»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። «እኔን ካታለለኝ ሌላውንም ያታልላል» አለ። «እዚያ የተቀመጠች አንዲት ሴት እንዴት ያምራል ብላ፣ ነገ እውነተኛውን ብትፈልግስ?»

ይህ እኛ ያላሰብነው ጥያቄ ነበር። ባርኔጣውን ለማሳመር ስንሠራ ሄግረን ረስተን ነበር። ጉድሩንን ዞሬ አየኋት፤ ትንፋሽዋን ወደ ውስጥ ስባ «ያ» አለች። ስለዚህ ለሰውዬው ልክ ነህ አልኩት፤ ከዚያም ስለ ወፏ፣ ስለ ጎጆዋ፣ ባርኔጣቸውን ስላወለቁት ሴቶች፣ ስለ በረኪናውና ስለ ኮምጣጤው እዚያው ቆሜ ለተሰበሰቡት ነገርኳቸው። ደወሉ ተደወለ። ሰዎቹ አልሄዱም። ሁለተኛ ሲደወል ሽማግሌው፣ «ስለ ኮምጣጤው ድገሚልኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ድራማው በታየ ቁጥር፣ በዕረፍቱ ሰዓት አንድ ባርኔጣ ይዤ መተላለፊያው ላይ እቆም ነበር። ሃልቫር ለዚህ ትንሽ ይከፍለኝ ነበር፤ ሳይከፍለኝም እቆም ነበር። ሽማግሌው አንዳንድ ምሽት ይመጣና ያልተናገርኩትን ያስታውሰኛል። ቀን ላባ ስሰፋ ማታ የምናገረውን እያሰብኩ እንደምውል ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ጉድሩን ግን ቀድማ አውቃለች።

ፋስት ከሆንኩ ሁለት ዓመት አለፈ። ክፍሉ ሥራ አላጣም፤ አዲስ ሌርሊንግም ቀጥረን እኔ ነበርኩ የማስተምራት። በመጨረሻ ለመምህርነት ትምህርት መመዝገቤን ለጉድሩን የነገርኳት በጸደይ ወር ነው። ላባ እያሰረች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«መቼ ትሄጃለሽ?»

«ነሐሴ ላይ።»

ቋጠሮውን አጥብቃ ክሩን ቆረጠች። «ለልጆቹ ባርኔጣውን አታሳዪያቸው» አለችኝ፣ ዝቅ ባለው የጸደይ ድምፅዋ። «ውሃ ዳር ውሰጃቸውና ወፏን አሳዪያቸው።»

«ላባውንስ?»

«ስለ ላባው እነሱ ይጠይቁሻል።»